ወንዱን ሳይሆን ሴቷን

የአጋዘኗ ጆሮ ይሻላል፣ አዎ፣ ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ግን ተንፍሺ እንጂ የውብዳር፣ አሲዱ ላይ አጎንብሰሽ አይደለም፣ ወደ መስኮቱ ዞር በይና፣ ጋሽ በዛብህ ሁልጊዜ የሚሉኝ ይህንኑ ነው፣ በኔ ተማሪ ልጄ፣ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ለጋዜጣ ክሊሼ፣ የሥዕል ማተሚያ ብረት፣ ስሠራ ሳንባዬን የበላው ይኸው ነው፣ ይሉና ያስላሉ። አሁንም በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው ያስላሉ። አረፋው ጀመረ። ሰሙን በመርፌ የጫርኩበት ሁሉ ትንንሽ አረፋ አወጣ፣ አንገቷ፣ ጀርባዋ፣ ጎኗ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች፣ በዶሮ ላባ ቀስ እያልኩ እጠርገዋለሁ፣ አሲዱ ዚንኩን እየበላ ነው፣ የተበላው ቀለም ይይዛል፣ ሰም የሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሲያወሩት ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን ዚንክ አሲዱ ውስጥ አቃጠልኩት። እሱ ወንዱ ነበር፣ ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ፣ አሰግድ ያሳየኝ። አሰግድ ባሌ፣ የደን ጠባቂው፣ በተጋባን ሰሞን ጋላማ ተራራ ይዞኝ ወጥቶ፣ አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ተንበርክከን፣ ዝም በይ፣ እንዳትነቃነቂ፣ ያውልሽ ጋዳምሳ፣ አለኝ በሹክሹክታ፣ በኦሮምኛ ነው የሚጠራው፣ የደጋ አጋዘን ሲሉት የመሥሪያ ቤት ስም ይመስለዋል። ከዚያ የእናት አገር ጥሪ መጣ፣ ሰልፍ፣ መፈክር፣ የጭነት መኪና፣ ቻው አለኝ ከላይ ሆኖ፣ ቻው፣ ጎሚስታ ቤት ደርሶ የሚመለስ ይመስል። ሰሜን ነው ያለው ይባላል። የት ሰሜን? ሰሜን።

እስቲ ጆሮው እንዴት ነበር? አሉኝ ጋሽ በዛብህ ወንዱን ስስል። ጆሮው። ለካ አላየሁትም። አሰግድን ነበር የማየው፣ ብርድ የሰነጠቀውን ከንፈሩን፣ ከአፉ የሚወጣውን እንፋሎት፣ ጣቱ ወደ አጋዘኑ ሲጠቁም እኔ ጣቱን ነበር የማየው። ከራሴ ፈጥሬ የአህያ ጆሮ ሰጠሁት፣ ጋሽ በዛብህ እስኪያስሉ ሳቁ፣ አሲዱ ውስጥ ከከተትኩት በኋላም ሐሳቤ ከመኪናው ጋር ሄደ፣ ስመለስ ሰሙ ተነሥቶ መስመር ከመስመር ተበላልቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። አይዞሽ፣ አንድ ቁራጭ ዚንክ ቀርታኛለች፣ ከሷ ወዲያ ግን የለኝም፣ አሉኝ ጋሽ በዛብህ። ይህቺው ናት እንግዲህ። ብትበላሽ በቃ።

ጓድ የውብዳር፣ ይህ እንስሳ ከሰፊው ሕዝብ ትግል ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው፣ ብሎ ጠየቀኝ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የውይይት ክበብ ሰብሳቢ፣ የብሔራዊ ሀብት አካል በመሆኑ ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል ጓድ፣ አልኩት፣ አፌ እንዴት ለምዶታል በናታችሁ። ባሌ ናፍቆኝ ነው ልበለው?

ቅዳሜ ከጉደታ ጋር ጋላማ ወጣሁ፣ የአሰግድ ባልደረባ፣ እሱ ዕድሜው ገፋ ብሎ አልወሰዱትም። ኦቦሌቲ ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። ጉሙ ጅባራዎቹን ውጧቸው ቁጭ አልን፣ እግሬ ደነዘዘ፣ ወንዱ የለም፣ ይመጣል ትላለህ? አልኩት፣ ድንገት አመለጠኝ፣ ይመጣል እንጂ ኦቦሌቲ፣ ብርዱ ሲጠና ወደ ታች ይወርዳል፣ አለኝ፣ እኔ ስለማን እንደጠየቅሁ መች አወቀ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ቀና ስል ቆማለች። ሴቷ። ቀንድ የላትም። ጆሮዋ ሰፊ፣ ውስጡ ጽጌረዳ የመሰለ፣ አንዱ ወደኛ አንዱ ወደ ኋላ ዞሯል፣ አንገቷን አዙራ የመጣችበትን ጉም ታያለች። አየኋት። የማየው ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረም፣ እስክትሄድ አየኋት። ወንዱን ነው የፈለግሽው፣ ሌላ ቀን እንመጣለን አለ ጉደታ። አይ፣ ይበቃኛል።

በቃ! አውጪው! አቤት ጋሽ በዛብህ። ዚንኩን ከአሲዱ አወጣሁት፣ ውሃ፣ ሰሙን በላምባ አጠብኩ፣ ቀለሙን ቀባሁ፣ በሻሽ ጠረግሁ፣ ቀስ፣ ከተበላው ውስጥ እንዳታወጪው፣ እርጥቡ ወረቀት፣ ከላይ የበርኖስ ቁራጭ፣ የእርሻ ፕሮጀክቱ ስዊድኖች ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት የልብስ መጭመቂያ ነው ማተሚያችን፣ እጀታውን አዞራለሁ፣ ከብዷል፣ አዞራለሁ፣ ወጣ። ወረቀቱን እርስዎ ያንሡት። አንቺ ነሽ የምታነሺው ልጄ።

አነሣሁት።

ዚንኩ ላይ ወደ ግራ የዞረችው ወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ ዞራለች፣ እዚህ አለች፣ ጠጉሯ ረጥቧል፣ ጆሮዋ ይሰማል። ጋሽ በዛብህ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠጉ፣ ጆሮዋ ጆሮ ነው አሉ፣ ቆይተው ደግሞ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው? እንጃ አልኩ። ፊቴን ወደ ማተሚያው አዙሬ ዚንኩን መጥረግ ጀመርኩ። እሳቸው ማሳል አማራቸው መሰለኝ ወደ በሩ ዞሩልኝ።

እንድገመው ጋሽ በዛብህ? ድገሚው፣ ገና ብዙ ታወጣለች። አንዱ ለጉደታ፣ አንዱ ለክፍሌ ግድግዳ፣ አንዱ ይቀመጣል፣ አሰግድ ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ ቀንዱስ፣ ወንዱስ የታለ ይለኛል፣ መሳቁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ እኔ፣ ወንዱንማ መች አየሁት፣ አንተን ነበር የማየው፣ እለዋለሁ።