ሁለት አረንጓዴ በሮች

«እዚህ ነው አይደል አባባ?» አለች ሴትየዋ፣ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ግቢው ዘልቃ እየገባች።

ሹፌሩ የቀለም ብሩሹን እንደያዘ ዞር አለ። ሁለት ናቸው። ሴትየዋ ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። አብሯት የመጣው ወጣት አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ግቢውን፣ መልሶ ደግሞ ስልኩን ያያል። ሁለቱም ንጹሕ ለብሰዋል፤ ሁለቱም አንድ ነገር ለማጣራት የመጡ ይመስላሉ። መጡ ማለት ነው።

«እዚህ ነው፣ እዚህ ነው» አለ፣ ቀለም የነካውን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ግቡ። ስንጠብቃችሁ ነበር።»

ወጣቱ ሳቀና ሴትየዋን አያት፤ እንዲህ ዓይነት አቀባበል የጠበቀ አይመስልም።

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰፈርተኛው ግን ዛሬም «ሹፌሩ» እንዳለው ነው። ባለቤቱ ደግሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ከአንድ ሰፈር ሕፃን የሚበልጥ ተማሪ በየቀኑ ስትመግብ ኖራ፣ ልጆቹ እማማ ጭልፋ የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤቱን ዘግቶ ምግብ በመኪና ማስመጣት ሲጀምር ሽርጧን አጥፋ ቤቷ ገባች። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ? መጀመሪያ ቀን ሹፌሩ እንቅልፍ ነው አለ፤ ከዚያ ድካም ነው አለ፤ አሁን ግን የሚለውም ጠፋው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ወጥ ቤት ግቢ ሲላት «ለሁለት ሰው ደግሞ ምን ይበሰላል» ትላለች። ከግቢው ከወጣች ወራት ሆኗታል።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ሰምታ በስልክ ቁርጡን ነግራዋለች። ከጤና ጣቢያ ሰዎች ልካ እናቷን ታስመረምራለች፤ ሰዎቹ እንዲህ መኖር የለባትም ካሉ መጥታ ትወስዳታለች። «አንተን ደግሞ አባዬ፣ ቀስ ብለን እናስብበታለን» ነበር ያለችው። የልጅቱ ቤት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ሹፌሩ ያውቃል። «ቀስ ብለን» የሚባለው ነገር የት እንደሚያደርሰውም አልጠፋውም፤ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ብቻውን። እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

ለዚህ ነበር በሩን መቀባት የጀመረው። ሰዎቹ ሲመጡ የሞተ ቤት እንዳይመስላቸው ብሎ ነው። ቀለሙን የሰጠችው ጎረቤቱ ናት፤ የራሷን በር ቀብታ የተረፋትን። የላይኛውን ጫፍ ለመድረስ አግዳሚ ወንበሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ቆመበት፤ ቀለሙ እንዲደርቅ ደግሞ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

እንግዶቹ ሳይነገራቸው ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ሐኪም መታጠብ ይወዳል፣ አለ ሹፌሩ በልቡ። ጥላው ሥር ያለው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡና ወጣቱ ሆዱን እየደባበሰ ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀው።

ሹፌሩ ቅጥ አምባሩ ጠፋው። ሐኪም ሰው ቤት ገብቶ ምሳ ይጠይቃል እንዴ? ትንሽ ካሰበ በኋላ ግን የገባው መሰለው። ሊፈትኗት ነው! አብሳይ እንደነበረች ልጅቱ ነግራቸዋለች፤ አሁን ምግብ ታበስል እንደሆነ ሊያዩ ነው። ብልጦች ናቸው።

ወደ መኝታ ቤት በሩጫ ገባ። «ተነሺ። እንግዶች መጥተዋል፤ ምሳ ይፈልጋሉ።»

«የምን እንግዳ?» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«እኔ እንጃ። ርቧቸዋል።»

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማ። «ባዶ ቤት እንግዳ የሚጠራ ሰው» እያለች ተነሥታ ፀጉሯን በሻሽ አሰረች፤ ሽርጧንም ታጠቀች። እሱ ምናልባት ብሎ በየጊዜው እየገዛ የሚያስቀምጠው ድንችና ካሮት ነበረ፤ ሩዝም አለ። ወዲያው ቢላዋ ጣውላ ላይ ሲንጣጣ ተሰማ። ያን ድምፅ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ግቢ ሲመለስ ሦስት ሌሎች ሰዎች ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ደብተር የታቀፈች ሴት ገባችና ለብቻዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሹፌሩ መሐል ቆሞ ቀረ። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ሐኪም? እሺ ይሁን፤ ሲሚንቶ የለበሰውስ የምን ሐኪም ነው? ልጁ ስትጨነቅ ነገር እንደምታበዛ ያውቃል፤ ይህን ያህል ግን አልጠበቀም።

ባለቤቱ ጭልፋዋን ይዛ በረንዳው ላይ ብቅ አለች። ሕዝቡን ስታይ ትደነግጣለች ብሎ ሲፈራ፣ ወገቧን ይዛ አንድ በአንድ ቃኘቻቸውና ዓይኗ ግንበኞቹ ላይ አረፈ።

«እናንተ እጃችሁን ታጥባችኋል?»

ሦስቱ ጎረምሶች ሳያስቡት መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቧንቧው ጠቆመቻቸው፤ ተነሥተው ሄዱ። ሹፌሩን ደግሞ ሰሃን አምጣ፣ ውሃ ቅዳ፣ ምን ያስቆምሃል እያለች ታዋክበው ጀመር። መዋከቡ ደስ አለው። ነገሩ ግን አሁንም አልገባው አለ። ስለዚህ ሰሃኑን አድርሶ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተደበቀና ልጁ ጋ ደወለ።

«ሰዎችሽ መጥተዋል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ምነው አበዛሻቸው?»

«የምን ሰዎች?»

«የላክሻቸው ናቸው እንጂ።»

«አባዬ፣ እኔ ማንንም አልላክሁም። የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብዬህ የለም?»

ሹፌሩ ከታንከሩ ጀርባ አንገቱን አስግጎ አየ። ሴትየዋ ሁለተኛ ጭልፋ እያስጨመረች ነው። «ታዲያ እነዚህ ግቢዬ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚበሉት እነማን ናቸው?»

«ማነው የሚበላው? ማንስ አበሰለ?»

«እናትሽ።»

ልጅቱ እናቷ ተነሥታ እንደሆነ ጠየቀችው። አዎ፣ ግን መልሼ ልደውልልሽ ብሎ ዘጋው።

እንቆቅልሹን የፈታችለት ባለመነጽሯ ሴት ናት። በልታ ስትጨርስ ሒሳብ ስንት ነው አለችው። ሹፌሩ ዓይኑ ፈጠጠ። ሒሳብ? እሷም ፊቱን ስታይ ግራ ተጋባችና ስልኳን አውጥታ አሳየችው። አንድ ሰው በዚህ ጭር ባለ ሰፈር ውስጥ ማንም የማያውቃቸው ምግብ ቤቶች አሉ ብሎ ጽፏል። ጎሚስታው ከሱቁ ጀርባ ዓሣ ይጠብሳል ይላል። ሁለት እኅትማማቾች ሾርባ ብቻ ይሠራሉ፤ ድስታቸው ሲያልቅ ይዘጋሉ ይላል። ከሁሉ የሚጥመው ግን አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው፤ ምልክት የለውም፣ በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተና ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ከወጣ ምሳ አለ ማለት ነው፣ ዝም ብላችሁ ግቡ።

ሹፌሩ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። እንዴት ይህን ይረሳል? በሰፈሩ ለምግብ ቤት ታፔላ የሚሰቅል የለም፤ ለማን ብሎ ይሰቅላል? የቀትር ክፍት በርና የወጣ ወንበር ለነዋሪው በቂው ነው። በላተኞቹ የመጡት ወደ ጎረቤቱ ምሳ ቤት ነበር። ከዋናው መንገድ ሲመጡ ደግሞ የእሱ በር ይቀድማል። በገዛ ቀለሟ፣ በገዛ እጁ ሰዎቿን ቀምቷታል።

«ሒሳብ የለም» አላት። «እንግዶች ናችሁ።» ብትለምነውም አልተቀበላትም።

ወደ ውጭ ወጣ። ጎረቤቱ በሯ ላይ ቆማ መንገዱን ቁልቁል ታያለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች የምሳ ድስት ነው። ደንበኛው አጠገብ ቆማ «ቅመሱልኝ» ስለምትል ቅመሱልኝ ነው ስሟ። እሱን ስታይ ፊቷ ፈካ አለ፤ ገባ ብላ የተከደነ ሰሃን ይዛለት መጣች።

«ምሳችሁ ቀዘቀዘ፤ ዛሬ የምልከው ልጅ አላገኘሁም» አለችው። «ጋሼ፣ ዛሬ ግን ሰዉን ምን ነካው? ከጠዋት ጀምሬ ያበሰልኩት እንዳለ ነው። ማንም አልመጣ።»

ባለቤቱ ከተኛች ጀምሮ እሷ ናት የምትመግባቸው። አንድ ቀን አላቋረጠችም፣ አንድ ቀን ስለ ክፍያ አላነሣችም። ሹፌሩ ሰሃኑን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከተናገረ ቅመሱልኝ ታዝንበታለች፤ ሰዎቹን ወደ ቦታቸው ከመለሰ ደግሞ ባለቤቱ ወደ ግድግዳዋ ትመለሳለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት የጤና ጣቢያ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ልጁ ትወስዳታለች። ዝም ቢልስ? ዝም ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ግን እግሩ እሺ አላለውም።

«ሰዎቹ እኔ ቤት ናቸው» አለ ዞሮ።

«ምን ያደርጋሉ?»

«ይበላሉ። በሩን አይተው ተሳስተው ነው የገቡት። እኔም ሌላ ሰው መስለውኝ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እኔ ራሴ አሁን ነው የገባኝ።»

«ማን አብስሎላቸው?»

«እሷ።»

ቅመሱልኝ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «ተነሣች?»

«ተነሥታለች። ጭልፋ ይዛ ሰው ታዝዛለች።»

«እሰይ» አለች። ከልቧ ነበር። ከዚያ አንገቷን አዙራ ግቢዋን አየች፤ ባዶ ወንበሮቿን፣ የተከደነ ድስቷን። «እሰይ» አለች ደግማ፤ የአሁኑ ግን ድምፁ ቀነሰ። «ነገም ልትከፍቱ ነው ጋሼ?»

«አላውቅም» አላት። እውነቱን ነበር።

በዚህ መሐል አራት ሰዎች መንገዱን ይዘው መጡ። ሁለቱ በሮች መሐል ቆመው አንዴ ይህን አረንጓዴ፣ አንዴ ያንን አረንጓዴ ያያሉ። የትኛው እንደሆነ አንደኛው ጠየቀ። ከሹፌሩ ግቢ የባለቤቱ ድምፅ ይሰማል፤ ገና ሩዝ አለ፣ የመጣ ሰው ካለ ይግባ ትላለች። ሹፌሩ ወደ ሰዎቹ ጠጋ አለ።

«ይኸኛው ነው» አለ፣ ወደ ቅመሱልኝ በር እያሳየ። «እዚህ ግቡ።»

ገቡ። ቅመሱልኝ ተከትላቸው ገባች።

ባለቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ታማስላለች። ጉንጯ ከእሳቱ ቀልቷል። «የት ጠፋህ አንተ?» አለችው። «ነገ ምን እንሥራላቸው?»

ነገ የሚለውን ቃል ከአፏ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው። ያንን ቃል ተሸክሞ ዝም ማለት ቢችል በወደደ ነበር። ግን ሰሃኑ እጁ ላይ ነው፣ እሷም አይታዋለች። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ ስልኩ ላይ የተጻፈውን፣ ልጃቸው ያሰበችውን ሳይቀር። ሲጨርስ ማማሰሉን አቁማ ነበር።

«ለእኔ አይደለማ የመጡት» አለች።

«የመጡት ለእሷ ነው። የበሉት ግን ያንቺን ነው።»

ሽርጧን ልትፈታ እጇን ወደ ኋላ የላከች መሰለው። የላከችው ግን ኋላዋ ከቆመው ባሏ ሰሃኑን ለመቀበል ነበር። ክዳኑን ገልጣ በጣቷ ቀመሰች፤ ደግማ ቀመሰች።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ እበላለሁ እንጂ አልቀመስኩትም ለካ» አለች ቀስ ብላ። «ጎበዝ ናት። ጨው ትፈራለች እንጂ።» ምግቡን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣ ሰሃኑን አጠበችው። ከራሷ ድስት ሙሉ ጭልፋ አወጣችና ሞላችው፤ ከደነችው። «እንካ፣ ውሰድላት። ሳትበላ ነው የምትውለው፣ አውቃታለሁ።»

ሹፌሩ እጁን ሊዘረጋ አለና ተወው። ከወጥ ቤቱ መስኮት የግቢው በር ይታያል፤ ስንት ወር ሙሉ እሷ ያልረገጠችው ደጃፍ።

«አንቺ ውሰጂላት» አለ።

«እኔ?»

«አዎ። ሰው ገብቶላታል፣ ብቻዋን ናት። ጨዉንም ሂጂና ራስሽ ንገሪያት።»

«ይኸ ሁሉ ሰሃንስ?»

«እኔ አጥባለሁ።»

በሕይወቱ ሰሃን አጥቦ አያውቅም፤ ሁለቱም ያንን ያውቃሉ። የተከደነውን ሰሃን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ አየችው። ሹፌሩ ዓይኗን ሽሽት እጅጌውን ሰበሰበ፣ ግቢ ወጥቶ የተበላባቸውን ሰሃኖች ሰብስቦ ቧንቧው ሥር ቁጭ አለ። ከኋላው የእርምጃዋን ድምፅ እየጠበቀ፣ ዞሮ ላለማየት ቧንቧውን ከፈተና የመጀመሪያውን ሰሃን ማጠብ ጀመረ።