እስከ ጉልበት

«ገዳይ ነበር እንዳልል አልገደለም፤ ተሟጋች ነበር እንዳልል ችሎት አልቆመም። አያ ባዩ፥ ነገ የስማዳ ሰዎች ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ብዬ ሙሾ ላውርድ?»

አልቃሿ የሻረግ ይህን ያለችው ከዳሱ ጥግ፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ከእስቴ የመጣችው በስሟ ተጠርታ ነው። ነገ የይርዳው ሠልስት ነው። የሚመጡት የእናቱ ወገኖች ናቸው፤ ለቅሶ የሚመዝኑ ሰዎች። ሙሾ ያልተገኘለት ሰው በእነርሱ ዘንድ እንዳልኖረ ይቆጠራል።

ባዩ መደቡ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ልጁ ይርዳው ጥጥ ሊያመጣ ቆላ ወርዶ ንዳድ ያዘው፤ በቃሬዛ ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሞተ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። መሬቱን ያርሳል፥ ግብሩን ይከፍላል፥ ከማንም አይጣላም። እንዲህ ያለ ሰው ለአልቃሽ አይመችም።

«አንቱ በጣሊያን ጊዜ የጣሉት አለ» አለች የሻረግ። «የአባት ለልጅ ይሆናል። ግጥም ነው፥ ማን ይመረምራል?»

ጎረቤቱ ገብሬም ነገሩን ወደደው። የራሱን ውጅግራ ጠመንጃ አምጥቶ ለቅሶው ሜዳ ላይ የይርዳው ነው ተብሎ እንዲቆም እንደሚያውስ ተናገረ። ባዩ ገብሬን አየው። ያን እሑድ አብሮት የነበረው እርሱ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ነው። ክረምቱ ያለ ቅጥ ረዝሞ ሰው ፀሐይ ናፍቆ ከርሟል። በዚያ ሰንበት ሰማዩ ጥርት አለ። ባዩና ገብሬ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ግጦሹ ሜዳ ላይ ይርዳውን አዩት። ጋቢውን ለልጆቹ አንጥፎ እርሱ ሣሩ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። የሰንበቴውን ዳቦ ይቆርሳል፤ አንድ ለነሱ፥ አንድ ለራሱ። አባት በልቶ እስኪያበቃ ልጅ ቆሞ በሚጠብቅበት አገር፥ ከሦስት ሕፃናት ጋር እኩል ይበላል። ሚስቱ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች። ትንሿ ወለተ ሚካኤል ደረቱ ላይ ወጥታ ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን በጣቷ ትቆጥራለች። አምስት ላይ ስትደርስ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። እርሱም አፉን እንደ ከፈተ ይጠብቃታል።

«ባዩ፥ ልጅህን ለገበያ አወጡት እንዴ?» አለ ገብሬ። «እንደ በሬ ጥርሱን እያዩት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ባዩ ሰላም ሳይል አለፈ።

ከቀትር በኋላ ልጁን አስጠራውና ወንድ በልጆቹ ፊት ይቆማል እንጂ አይጋደምም ብሎ ተቆጣው። ይርዳው መሬት መሬት እያየ ሰማ። ሲጨርስለት ነው የተናገረ።

«አባባ፥ አንቱ ሲበሉ እግርዎ ሥር ቆሜ ነው ያደግሁ። አንቱን የማውቀው እስከ ጉልበትዎ ነው። እነዚህ ፊቴን ይወቁት ብዬ ነው።»

ባዩ እስከ ፆም መግቢያ አላነጋገረውም።

አሁን ግን ቀና አለ። «የእኔን ለእኔ ቀን አስቀምጪው» አላት የሻረግን። ገብሬንም ውጅግራውን ከተሰቀለበት እንዳያወርደው ነገረው። ከዚያ የዚያን እሑድ ነገር፥ ገብሬ የተናገረውን፥ እርሱ ፊቱን ማዞሩን፥ ልጁ የመለሰለትን፥ አንድ ሳያስቀር ዳስ ሙሉ ሰው እየሰማው አወራ። ገብሬ አንገቱን ደፋ። ብርቄ ከሴቶቹ መካከል የተላጨ ራሷን ቀና አድርጋ አማቷን አየችው። የሻረግ ብዙ ገዳይ ያለቀሰች ሴት ናት፤ ግጥሙን በከንፈሯ መሞከር ጀመረች።

በማግሥቱ የስማዳ ሰዎች ሲደርሱ፥ ጠመንጃ በሚቆምበት ቦታ የይርዳው ጋቢ ተነጥፎ ጠበቃቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሻረግ ወደ መካከል ገባች፦

ሌላው አባት ቆሞ ጉልበቱ ብቻ ሲታይ፥
ይርዳው ተኛላቸው ፊቱን አርጎ ወደ ላይ።

ከዚያ ከስማዳ የመጣ አንድ ሽማግሌ ደረቱን መታ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሽማግሌው እንባውን በራሱ ጋቢ ጠርጎ የሚያውቀውን ለወጉ ጠየቀ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ» አለ ባዩ። ድምፁ እንደ ፎካሪ ወጣ። «የእኔ ልጅ ነው።»

ለቀስተኛው ወደ ዳሱ ሲመለስ ባዩ ጋቢው ዘንድ ቀረ። ወለተ ሚካኤል መጥታ አጠገቡ ቆመች። ዓይኗ ጉልበቱ ላይ ነበር። ባዩ ዱላውን አስቀመጠ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ታጠፈና መሬት ተቀመጠ። ልጅቱ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ከንፈሩ ሰደደች።

ባዩ አፉን ከፈተላት። የቀሩት አራት ጥርሶች ብቻ ነበሩ፤ ቆጥራ ጨረሰች። እርሱ ግን አፉን አልገጠመም። እንደገና እንድትጀምር ይጠብቃት ነበር።