ሃምሳ ፓኬት መርፌ

መርፌው ርካሽ ነው፤ እሱን ማንም አይክድም። ባሕር ማዶ ያለው ሻጭ አሥር አሥሩን በፓኬት አድርጎ፣ ፎቶውን አሳምሮ፣ ምሳ እንኳን በማይበላበት ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎታል። ሹራብ ሠሪዋ ስምንት ፓኬት መረጠችና "እሰይ!" ብላ ጣቷን ስልኩ ላይ ወደ ታች ሳበች። እታች "ማጓጓዣ" የሚል መስመር አለ። አየችው። ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየችው። የአንዱ ፓኬት ማጓጓዣ የፓኬቱን ዋጋ አምስት እጥፍ ነው፤ ያውም ለስምንቱም ለየብቻ ይከፈላል።

"ምነው፣ ወንበር ተይዞላቸው ነው እንዴ የሚመጡት?" ብላ ጮኸች።

ባሏ ከሚያነበው ጋዜጣ ቀና አለ። የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው። "ተይው በቃ፣" አላት። "እህቴ ለሱቋ ሰው እየፈለገች ነው። ተቀምጦ መሸጥ ነው፣ ምን ድካም አለው?"

የእህቱ ሱቅ የሚሸጠው የፋብሪካ ሹራብ ነው። ሃያ ዓመት ሹራብ የሠራች ሴት ሄዳ የፋብሪካ ሹራብ ስታጥፍ ትዋል! ግን ልትሟገተው አልቻለችም፤ ባለፈው ሳምንት በገዛ አፏ ቃል ሰጥታዋለች። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራ ካመለጣት የሹራብ መኪናዋን ሸጣ እህቱ ዘንድ ልትገባ ነው።

ሥራው የአርባ ሾፌሮች ሹራብ ነው። የድርጅቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው፣ "በኔ ልክ አንድ ናሙና ሠርተሽ እስከ ወሩ መጨረሻ አምጪ፤ ያለዚያ ከፋብሪካ እገዛለሁ" ብሏታል። ያ ሥራ ከተገኘ በየዓመቱ ይመጣል። ካልተገኘ፣ የልጆች ሹራብ ብቻ እየሠሩ የሱቅ ኪራይ መክፈል ከእንግዲህ አይታሰብም። እሷ ደግሞ በአዋቂ ልክ መሥራት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሹራብ መኪና ሁለት መቶ መርፌ በአንድ ረድፍ ተደርድሮበት ነው የሚሠራው። መሐል ያለው መርፌ ሲሰበር ሹራቡ እዚያው ይተረተራል፤ ስለዚህ ሠሪው ዳር ካሉት አንዱን ነቅሎ መሐል ይተክላል። ዛሬ አንድ፣ በሳምንቱ አንድ። መሐሉ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ዳሩ ግን እየተበላ ይሄዳል፤ ሹራቡም አብሮት ይጠባል። መኪናው የድሮ ስለሆነ መርፌው በከተማው ሱቆች መሸጥ ካቆመ ሰንብቷል። ለሷ የቀሯት መቶ ሃያ ዘጠኝ ናቸው። በመቶ ሃያ ዘጠኝ መርፌ የኃላፊውን ግማሽ ሆድ መሸፈን ይቻል ይሆናል።

ለሻጩ ጻፈችለት። "ስምንቱንም አንድ ካርቶን ውስጥ ክተትና አንድ ጊዜ አስከፍለኝ።" አሠራሩ አይፈቅድም አላት። ደገመች፤ ሠለሰች። ሰፈሩ "ግትሯ" የሚላት በከንቱ አይደለም። በሰባተኛው ሻጩ ታከተው መሰለኝ እንዲህ ሲል መለሰ፦ "ሃምሳ ፓኬትና ከዚያ በላይ ካዘዝሽ በአንድ ካርቶን፣ በአንድ ማጓጓዣ እልካለሁ። ከዚያ በታች አልችልም።"

"አምስት መቶ መርፌ!" ብሎ ባሏ ሳቀ። "ምን ልታደርጊው ነው? ልትዘሪው?"

እሷ አልሳቀችም። በከተማው እሷን ጨምሮ ሹራብ የሚሠራባቸው አምስት ቤቶች አሉ፤ የሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ነው። የሷ መርፌ ካለቀ የነሱስ በምን ተርፎ?

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ "ቀጭኑ" የሚለው ሹራብ ሠሪ ዘንድ ሄደች። ቀጭኑ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የሚሠራ ቀልደኛ ነው። "መርፌ? የኔማ ሙሉ ነው፤ እንኳን ለኔ ለጎረቤትም ይተርፋል" አላት። አንድ ሱቅ ውስጥ በሁለት መኪና የሚሠሩት እህትማማቾች ደግሞ "ኧረ እኛ መርፌ ሰብረን አናውቅም!" አሉ ተሽቀዳድመው። የልብስ ሰፊው ሚስት ጭራሽ ተቆጣች። "ማን ነው እጇ ሸካራ ነው ያለሽ? ስሙን ንገሪኝ!"

ምን ትበላቸው? እሷም ብትጠየቅ ይህንኑ ነበር የምትመልሰው። ሁሉንም ያስተማሯቸው አንድ ሰው ናቸው፣ ጋሼ። ጋሼ ተማሪ መርፌ በሰበረ ቁጥር "መርፌ የሚሰብር እጅ ድንጋይ ይጥረብ!" ብለው ከወንበሩ ያስነሱት ነበር። በዚያ ከተማ አንዲት ሹራብ ሠሪ በመርፌ ከምትታማ በባሏ ብትታማ ይሻላታል።

ወደ ቤት ስትመለስ ነው መንገድ መሐል ቀጥ ብላ የቆመችው። እህትማማቾቹ መስኮት ላይ የተሰቀለው የልጆች ሹራብ ነው። ቀጭኑም ጋ የልጆች። የሰፊው ሚስት ጋ ጭራሽ የሕፃን። "ዘንድሮ አዋቂ አይገዛም" ይላሉ ሁሉም። አዋቂው ምን ሆኖ ነው የማይገዛው? ብርዱ ልጅ እየመረጠ ነው እንዴ የሚመታው? ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣችና ዞራ ተመለሰች። ገበያተኛ መስላ የየሱቁን ደጅ እየደረሰች የተሰቀለውን ሁሉ ለካች። የሹራብ ስፋት ማለት የመርፌ ቁጥር ማለት ነው፤ ለሚያውቅ ሰው አይዋሽም።

መጨረሻ ጋሼ ዘንድ ደረሰች። እዚያ የተሰቀለው ስካርፍ ብቻ ነው። ቀይ ስካርፍ፣ ሰማያዊ ስካርፍ፤ አንዱም ከስንዝር አይሰፋም።

"ጋሼ፣ የቀረዎት ሠላሳ ስምንት መርፌ ነው?" አለች፣ ሜትሩ በእጇ እንዳለ።

ጋሼ ከመኪናው ጀርባ ተነሱ። "ዘንድሮ የሚፈለገው ስካርፍ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ።"

"ልጄ ከሆንሽ ሜትርሽን ይዘሽ ውጪልኝ!"

ወጣች። ደጁ ላይ ዞር ብላ ግን "እሑድ ስምንት ሰዓት ቤቴ እጠብቅዎታለሁ፤ ሁሉንም ጠርቻለሁ" አለቻቸው። ገና ማንንም አልጠራችም ነበር። በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። አልከፋትም ማለት ውሸት ነው፤ መንገዱን ሙሉ እንባዋን እየዋጠች ነው የሄደችው። ሄዳ ግን ሁሉንም ጠራች።

እሑድ ቀጭኑ፣ ሁለቱ እህትማማቾችና የሰፊው ሚስት መጡ። የሻጩን መልስ አነበበችላቸው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፣ "እንግዲህ የኔን ልንገራችሁ፤ ሰባ አንድ መርፌ ሰብሬያለሁ" አለች።

የሰፊው ሚስት አፏን በእጇ ያዘች። ቀጭኑ "ኧረ ጉድ!" አለ።

"እናንተስ?"

"የኛ ሁለት ሦስት ቢሆን ነው" አለች ታላቋ እህት ጣሪያ ጣሪያ እያየች። ቀጭኑ "ለክፉ ቀን" አንድ ፓኬት እንዲያዝለት ጠየቀ። የሰፊው ሚስትም "ለወጉ ያህል" አንድ። ቢደመር አሥራ አንድ ፓኬት ሆነ። የለካችውን ሁሉ ልትዘረግፍባቸው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ገመናውን ሰው የገለጠበት ሰው ተዋርዶ ነው የሚሄደው፤ ተዋርዶ የሄደ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። በአሥራ አንድ ፓኬት ግን ሻጩ አይልክም። የባሏ እህት ሱቅ፣ የሚታጠፈው ሹራብ፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ሁሉም ብድግ አሉ። ጋሼ እንደ ወትሯቸው "ተቀመጡ" አላሉም። በብብታቸው የያዙትን የወተት ጣሳ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ሙሉ የተሰበረ መርፌ ነበር።

"መቶ ስልሳ ሁለት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ" አሉ። "እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። ለማን ልናገር? እናንተን በመርፌ ሰበብ ስገርፍ የኖርኩ ሰው!" የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋቸው። "ድንጋይ ልጥረብ ብል ደግሞ መዶሻውን ማን ያነሳልኛል?"

ማንም አልሳቀም። ታናሿ እህት ማልቀስ ጀመረች። "ጋሼ፣ እኛ በሁለቱ መኪና መቶ ሃያ አምስት ሰብረናል" አለች። ታላቋ ጎሸመቻት፤ ቆይታ ግን "መቶ ሃያ ስምንት" ብላ አረመቻት። የሰፊው ሚስት "መቶ ሠላሳ" ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ የተገላገለች ትመስል ነበር። ቀጭኑ ራሱን አከከ። "ዘጠና አራት። ለመሆኑ የልጆች ሹራብ የምሠራው ልጅ ስለምወድ መስሏችሁ ኖሯል?"

ይሄኔ ሁሉም በአንድ ላይ ሳቁ፤ ጋሼም።

ሃምሳ ያስፈለገው ስልሳ አንድ ፓኬት ሆነ። ማጓጓዣው ለአምስት ቤት ሲካፈል ለየቤቱ የአንድ ፓኬት ዋጋ ብቻ ደረሰው። በር ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ባሏ የባንክ ካርዱን አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ጋሼ ግን ሲወጡ እጇን ያዙ። "አሁንም እሰብራቸዋለሁ እኮ፣ ልጄ።"

"ይሰበሩ! ሌላ እናዛለን" አለቻቸው።

ካርቶኑ የደረሰው ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሰባ አንዱን መርፌ አንድ በአንድ ስትተክል ዋለች። ሁለት መቶው ሞልቶ የመኪናው እጀታ ከዳር እስከ ዳር ሲንሸራተት ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፤ ረስታው ኖሯል፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለት ቀን ሠራች፤ ግማሽ ቀን ገጣጠመች። በመጨረሻው ቀን ኃላፊው ቢሮ ገብታ ዘረጋችለት።

ኃላፊው ለበሰው። ሆዱን አሻሸ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ሹራቡ የትም አልያዘውም። ቀኑ ሙቀት ነበር፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እሱ ግን ሊያወልቀው አልፈለገም።

"ይሄንን ለራሴ ገዝቼዋለሁ" አላት። "የሾፌሮቹን አርባ መቼ ትጀምሪያለሽ?"

"ነገ ጠዋት።"

ቤት ስትገባ ባሏ በሩ ላይ ተቀበላት። ፊቷን ለማንበብ ሞከረ፤ ከልቡ ጨንቆት ነበር። "እህቴ ደውላ ነበር" አላት ቀስ ብሎ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትገባው ብላ። ምን ልበላት?"

ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሌላ ሰው ትፈልግ በላት።"