ሞራ የሌላት ኤሊ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት አክስቴ ወለተሩፋኤል ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ ጉልበቷ ታጥፎ አልዘረጋ ብሏት ተኛች። አንድ የጎንደር መድኃኒተኛ «የባሕር ኤሊ ሞራ ካልተቀባች አትነሣም» አለ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ ከጎንደር ምጽዋ ቆዳ የምጭን ሾፌር ነኝ። ሌላ ማን ያምጣ?

ምጽዋ ወደብ ላይ አንዲት ኤሊ መስመጥ አቅቷት ስትንሳፈፍ አገኘሁ። ጀልባ ቀዛፊዎቹ «በሽተኛ ናት፣ ተዋት» ቢሉኝ ሳቅሁባቸው። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጫንኋት። በመልስ መንገድ ዛሪማ ስንደርስ ሽታዋ ከጥሬ ቆዳ ብሶ ነበር፤ ነፍሷ ግን አልወጣችም።

ኮሶዬ ላይ የአክስቴ ባል አያ ሰጠኝ ቢላዋ ስሎ ጠበቀኝ። የማትበላ ፍጥረት ናትና በስመ አብ ሳይል አረዳት። ሲከፍታት የወጣው ግማት ጎረቤቱን በጋቢው አፍንጫውን አስይዞ በተነው።  አያ ሰጠኝ ግን እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አረንጓዴ ዝቃጭ ሲዝቅ ቆየና አንድ ስስ፣ የሚያሟልጭ ነገር ጎትቶ አወጣ።

አያ ሰጠኝ የታወቀ ሞራ አንባቢ ነው፤ በግ በታረደ ቁጥር ሞራውን ዘርግቶ መጪውን ይናገራል። ያንንም ወደ ፀሐይ ያዘው።

«ሸጋ ሞራ! እንከን የለበትም። ትነሣለች!»

አክስቴ ከውስጥ እልል አለች።

እኔን ግን ቀፈፈኝ። የላስቲክ ከረጢት ነበር።

«አያ፣ ሞራ አይደለም። ዕቃ የሚቋጠርበት ላስቲክ ነው።»

«ምነው? ታዲያ ሞራዋ የት ገባ?»

እየዘገነነኝ እጄን ጨመርሁ። ሌላ ከረጢት፣ ሌላም፣ ከዚያ የተተበተበ ሰማያዊ የናይለን ገመድ። አንጀቷ ተወትፎ ምግብ አላሳልፍ ብሏል። ከቅርፊቷ ሥር ጣት የሚያወዛ ስብ እንኳ አልነበረም። ሆዷ ሞልቶ በረሃብ እየሞተች ነው ያነሣኋት።

አያ ሰጠኝ እጁን በሣር እየጠረገ «ክንዱ፣ ይኽን ቆሻሻ የትኛው ርጉም አበላት?» አለኝ።

ገመዱን አውቀዋለሁ። ቆዳ የምናስርበት ነው፤ ካራገፍሁ በኋላ እየበጠስሁ ወደ ባሕሩ የምወረውረው። ስንት ዓመት ወረወርሁ! ከግማቱ ይልቅ የገዛ እጄ አስጠላኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

አክስቴ ከውስጥ ተጣራች፤ «ክንዱዬ፣ ሞራውን አምጣልኝ እንጂ! ጉልበቴን ገልጬ እየጠበቅሁ ነው።»