ደም ነው ያሏቸው መድኃኒት

ወይዘሮ ቀለሟን እንቅልፍ የነሳቸው ሕመሙ አልነበረም፤ እንደሌለ ሰው መቆጠራቸው ነበር። ከጎበሳ አሰላ ሆስፒታል ድረስ በሚኒባስ ሲንገላቱ መጥተው ዶክተሩ ክፍል ሲገቡ፣ ዶክተሩ የሚያወራው ከልጃቸው ከይርሳው ጋር ነው። ታማሚዋ እሳቸው፣ የሚወጋው ክንድ የሳቸው፤ ጆሮ ያለው ግን ይርሳው ብቻ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያን ሁሉ የገብስ ማሳ ቆመው ያሳረሱ፣ ከእህል ነጋዴ ጋር በዋጋ ፊት ለፊት የተሟገቱ ሴት፣ እዚህ ሲደርሱ እንደ ጆንያ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረባቸው። ተራ ሲጠብቁ፣ ራሷን በሻሽ የጠቀለለች፣ ከኦጎልቾ የመጣች ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ዞር አለችና፣ የሰፈር ወሬ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «የእርስዎስ ካንሰር የት ላይ ነው እማማ?» አለቻቸው።

«የኔ ደም ማነስ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ደም ነው የሚሰጡኝ።»

ሴትዮዋ ይርሳውን አየችው። ይርሳው ጫማውን አየ።

ወይዘሮ ቀለሟ ተነሱ። ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዱበት፣ ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። እጃቸው በሻሻቸው ስር ገብቶ የቀረችውን ጸጉር ዳበሰ። ደም ያነሰው ሰው ጸጉሩ ይረግፋል ብሎ የነገራቸው ይርሳው ነው። ጡታቸው ላይ የነበረውን እብጠት ቆርጠው ሲያወጡትም፣ ደሜን የጨረሰው እሱ ነው ብለው አምነው ነበር። አሁን ግን የተራ ጠባቂዎቹን ሻሽ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ።

«እማዬ፣ አረፍ በይ እንጂ።»

«አንተ እረፍ። እኔን የሚያስቀምጥ ነገር የለም።»

ስማቸው ተጠራና ገቡ። ዶክተር ነህምያ ከሌላ ክፍለ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነው። የደም ምርመራውን ውጤት አየና እንደ ልማዱ ወደ ይርሳው ዞረ።

«ኩላሊታቸው ትንሽ ተጎድቷል። ውሃ በደንብ ይጠጣሉ?»

«ትጠጣለች።»

«አልጠጣም» አሉ ወይዘሮ ቀለሟ።

የዶክተሩ አንገት ያኔ ወደሳቸው ዞረ። «ለምን እማማ?»

«ለምን ይለኛል! ያን ቀይ ደም በክንዴ ያስገባችሁልኝ ዕለት፣ ማታውን ሽንቴ ቀልቶ ወጣ። የሰው ደም ሜዳ ላይ ሲፈስ ዝም ብዬ ልይ? ገፍቶ የሚያስወጣው ውሃው ነው አልኩና ተውኩት። በማግስቱ መቅላቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠራ። መላዬ እንደሠራ አየሁ። እስከ ዛሬ ከቡናና ከአንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ በቀር አልጠጣሁም።»

መርፌ ታዘጋጅ የነበረችው ነርስ ዙቤዳ እጇ ባለበት ቆመ። ዶክተሩ ይርሳውን ትኩር ብሎ አየው። በመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ ካንሰር መሆኑን ለእናትየው ሊነግር ሲል፣ በር ድረስ ተከትሎት «ለኔ ተወው፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ያለው ይርሳው ነበር።

«ነግሬያታለሁ አላልከኝም?»

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ ወይዘሮ ቀለሟ አዞረ።

«እማማ፣ ደም አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ ቀይ ነው። ሽንትዎን ያቀላው ቀለሙ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ውሃውን ባይተዉትም ይጠራ ነበር።»

«ደም ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ወደሱ አትዙር። ለኔ ንገረኝ።»

ዶክተሩ አሰበ። «ገመድ ገምደው ያውቃሉ?»

«የጥጃ ማሰሪያ ከሰማይ የሚወርድ መሰለህ?»

ዙቤዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች።

«እሺ። የተገመደውን ገመድ ከአንድ ጫፉ ሁለቱን ፈትል ይዘው ቢለያዩት፣ ከፊት ያልተፈታው ምን ይሆናል?»

«ይከርራል። ከርሮ ከርሮ ይቋጠራል።»

«እያንዳንዷ የሰውነት ቅንጣት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቀጭን ገመድ አለ። ቅንጣቷ ስትራባ ገመዱን ለሁለት ትከፍላለች። እንዳይከርር ደግሞ ገመዱን ቆርጦ፣ አላልቶ፣ መልሶ የሚቀጥል ሠራተኛ አላት፤ ኢንዛይም እንለዋለን። ሠራተኛው ገመዱን ከቆረጠ በኋላ፣ መልሶ ሳይቀጥል ቀዩ መድኃኒት እጁን ይይዘዋል። ገመዱ እንደተቆረጠ ይቀራል። ቅንጣቷም ትሞታለች።»

ወይዘሮ ቀለሟ የጋቢያቸውን ጫፍ በጣታቸው እያከረሩ ጠየቁ። «ጤነኛውስ አካሌ? እሱ ገመድ የለውም?»

«አለው። መድኃኒቱ ጨክኖ የሚይዘው ግን ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ነው። በሽታው ይቸኩላል። ጸጉርም ይቸኩላል፣ ለዚህ ነው የረገፈው። እሱ ተመልሶ ይበቅላል።»

«ወዳጅና ጠላት የማይለይ መድኃኒት ነዋ።»

«አዎ፣ በደንብ አይለይም። ግን ይሠራል። አሁን ይህን ፈሳሽ በክንድዎ እንሰጥዎታለን፣ ውሃም ይጠጣሉ። ኩላሊቱ ሲመለስ ቀዩን እንቀጥላለን። ብዙ ከቆየን በሽታው አይጠብቀንም።»

ዙቤዳ ቀረብ አለች። ወይዘሮ ቀለሟ ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ቆይ ልጄ።» ወደ ይርሳው ዞሩ። «መርዶ እንኳ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል። የኔን መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እማዬ። ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም ብለው ሁሉም ሲመክሩኝ . . .»

«አልደነገጥኩም። ተጠማሁ እንጂ።»

ዶክተሩ አፉን ሊከፍት ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«አንተ ድርሻህን ተናግረሃል። ይርሳው፣ ያን ወንበር ሳበውና እዚህ ፊቴ ተቀመጥ። የበሽታውን ስም፣ የት እንደደረሰ፣ እድናለሁ አልድንም፣ እሱ የነገረህን ሁሉ አንድ ሳታስቀር በራስህ አፍ ንገረኝ። እስክትጨርስ ይህ ክንድ ከጋቢ አይወጣም።»