ግድግዳው ላይ የቀረችው የብሩሽ ፀጉር

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ይለዋል። ቀለም ቀቢ ነው፤ ያለ ሜትር በዓይኑ ብቻ የሚያሰምረው መስመር ውልፍት አይልም። ዓምና ግን ከመሰላል ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ጀሶው ወለቀ፣ ሐኪሙም «ድነሃል፣ ሥራህን ጀምር» አለው። እሱ ግን ያንን እግር እንደ እንቁላል ነው መሬት ላይ የሚያስቀምጠው። መሰላሉን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው?

ሰባት ወር ብሩሽ ሳይነካ ቤት ዋለ። መጀመሪያ ጨው በዛ፣ በሩ ጮኸ እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። በኋላ ጭራሽ ዝም አለ። የፈራሁት ያኔ ነው። ያንን ሥራ ካጣ ባሌንም አጣሁት ማለት ነው።

እትዬ የምንላቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ጎረቤት አሉን፤ ሰባን አልፈው ቅዳሜ ጠዋት ሳሎናቸው ውስጥ ዮጋ ያስተምራሉ። ጎትቼ ወሰድኩት።

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው መሀል ልንጠራራ?» አለ።

«ቤት ተጋድመህ ከምትንጠራራ እዚያ ቆመህ ተንጠራራ» አልኩት።

ለጀማሪ የሚያስተምሩት የዛፍ አቋም የሚባለውን ነው። እትዬ በባዶ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ እግራቸውን አንስተው ውስጥ እግሩን በሌላው ባታቸው ላይ ለጠፉ፤ መዳፎቻቸውን ደረታቸው ላይ ገጠሙ። እኚያ ቀጭን ሴትዮ፣ እናንተዬ፣ ብትገፏቸው የሚነቃነቁ አይመስሉም! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጉልበት ላይ እንዳታሳርፉ» አሉ። «ዓይናችሁን ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ትከሉ።»

ውሃ ልክ በቀኙ ቆመ። በግራው ሲባል ላብ አጠመቀው። እኔ አጠገቡ እጄን ዘርግቼ፣ ዳዴ እንደሚል ልጅ ልደግፈው ተጠጋሁ።

«ተይው» አሉኝ እትዬ። «አንተ ግድግዳውን እይ።»

አየ። ፊቱ ተኮሳተረ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ነው የቀባው?»

«ምነው?»

«የብሩሽ ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቋላ! ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮም አልለሰለሰም። ያ ጥግ ሁለተኛ እጅ አልተቀባም። ኧረ ነውር ነው!»

«እሺ፣ ሌላስ?»

ሌላም ነበረው። ያ የናፈቀኝ ንትርክ ተመለሰ። ቀኝ እግሩ መቼ እንደተነሳ አላየሁም፤ ብቻ ባቱ ላይ ተለጥፏል፤ ባሌ በዚያ በተሰበረው እግር ቆሞ ቀቢውን ይሳደባል! እትዬ ዝም በይ ብለው ጠቀሱኝ። ስንቷን ምጥ የያዛት እናት እንዲህ በጨዋታ እንዳሳለፉ ያኔ ገባኝ። አደነቅኳቸው ብል ያንስብኛል።

ቁልቁል ሲያይ ተንገዳግዶ እግሩን አወረደ።

«ቆሜ ነበር እንዴ?»

«ቆመህ ነበር» አልኩት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ስድስት ቅዳሜ ተመላለሰ። በሰባተኛው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ፤ ያንን ግድግዳ ካልቀባ እንቅልፍ የለውም። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ልቀቂ» አለ ከላይ።

«አልለቅም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! አንቺ ስትንቀጠቀጪ መሰላሉም ይንቀጠቀጣል።»

እውነቱን ነው። ለቀቅኩ። ግን ዓይኔን የት ላድርገው? ግራ እግሩን ማየት አልቻልኩም። ያቺን ደረቅ ፀጉር ፈልጌ ዓይኔን ተከልኩባት። ከላይ ማፏጨት ጀመረ፤ እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም። የመሰላሉ ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አሁንም አልነቀልኩም።

በኋላ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ያቺን ፀጉር በቢላዋ ሊፍቃት እጁን ሰነዘረ።

«እሷን ተዋት» አልኩት።

ፊቴን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ቀጥሎ ዙሪያዋን አሳምሮ ቀባ። አንድ ጉድለት አይቶ የማያልፈው ሰው፣ እሷን ትቶ ብሩሹን አጠበ።