ቢጫዋ ጀሪካን ብቻዋን ቆማለች

ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ነው ያልኩት፣ ሻርፔን ላንሳና ልውጣ፣ እግረ መንገዴን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ልበል፣ ቁጭ ማለት ደግሞ መተኛት አይደለም፣ ጫማዬም እግሬ ላይ ነው፣ ጫማ ያደረገ ሰው ተኛ አይባልም፣ ታዲያ ይኼ ትራስ ጆሮዬ ሥር ምን ይሠራል? መጋረጃውንስ ማን ዘጋው? እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ሊሆን።

ውኃው መጥቷል። የግቢው ቧንቧ መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚለቀው፣ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጀሪካኔን ሦስተኛ ላይ አሰልፌያታለሁ፣ ቢጫዋን፣ ክዳን የሌላትን። ተነሺ። ተነሺ እንጂ አንቺ ሴትዮ። ሰልፉን የማስከብረው እኔ፣ የሰው ጀሪካን በእግሩ ገፋ የሚያደርገውን የማዋርደው እኔ። ጉልበቴን አዘዝኩት፣ እምቢ አለ። የገዛ ጉልበቴ! ሰኞ የልጅ ልጆቼን ልብስ አጠብኩ፣ ማክሰኞ በሽተኛ ጠየቅሁ፣ በሽተኛው ሲያየኝ እርስዎ ይተኙ እኔ ልነሳ አለኝ፣ ሳቅሁ፣ ምኑ ያስቃል? ትናንት አናጺውና ሚስቱ ሲጣሉ መሃል ገብቼ ቆሜ ዋልኩ፣ እሱን እንኳ ማንም አላዘዘኝም። ልጄ በስልክ እማዬ አልደከመሽም ትለኛለች፣ እኔ? እኔማ ብረት ነኝ፣ እላታለሁ ግድግዳውን ተደግፌ።

ልብስ ሰፊዋን ባለፈው ወር በቀትር የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኘኋት፣ ታንኮራፋለች፣ ቀኑ ሳይመሽ ግቢው በሙሉ ትራስ ይላት ጀመር። ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጥሩ ስም ነበር፣ ቶሎ ያዘ። አሁን እንዲህ ተጋድሜ ብታገኘኝ እኔን ምን ልትለኝ ነው፣ ፍራሽ?

ይኼ ቢጫ ጀሪካን የማን ነው? ይላል አናጺው ከውጭ። የእትዬ ነው፣ ትላለች ሚስቱ፣ እኔን ማለቷ ነው። እትዬ የት አሉ? ውኃ መጥቶ እትዬ ቀርተው ያውቃሉ እንዴ? ኧረ መጋረጃቸው ተዘግቷል! ትላለች ጸጉር ሠሪዋ። እውነቷን ነው፣ ሃያ ዓመት ቀን ተዘግቶ አያውቅም፣ ከተዘጋ ግቢውን በምን አያለሁ። እግር፣ እግር፣ እግር፣ በሬ ላይ። ኳ ኳ። እትዬ! ብናገር ተኝተው ነበር ሊሉ፣ ዝም ብል ሞተዋል ሊሉ፣ ለጊዜው ሞተዋል ይሻለኛል፣ ለሞተ ሰው የቅጽል ስም አይወጣም፣ ደግ ነበሩ ነው የሚባለው፣ እስቲ ማን ቀድሞ እንደሚለው ልስማ። ማንም አይለውም። ጸጉር ሠሪዋ፣ ጀሪካናቸውን ወደ ጎን ላድርገው? ትላለች። ገና ሳልቀዘቅዝ!

አናጺው በሩን ልስበረው ይላል፣ አንዷ ለልጃቸው ደውሉ ትላለች፣ ኧረ ልጄን እንዳታስደነግጡብኝ፣ አመመኝ ልበል? አመመኝ ካልኩ ደግሞ ሾርባ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ለጠያቂ ተነስቶ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ምን ልጋብዛችሁ ማለት፣ እሱም ሌላ ሥራ ነው።

ከዚያ እሷ። ልብስ ሰፊዋ፣ ቀስ ብላ፣ አፏን ቁልፍ ቀዳዳው ላይ አድርጋ። እትዬ፣ ደክሞዎት ነው እንዴ?

እኔማ ብረት... አፌ ላይ ደርሷል፣ የለመደው እሱን ነው፣ የወጣው ግን ሌላ። አዎ ልጄ፣ ደክሞኛል። ጮክ ብዬ። ግቢው በሙሉ ሰማ። ቧንቧው ራሱ የቆመ መሰለኝ። አለቀልኝ፣ ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ምናምን።

ደክሟቸው ነው፣ ትላለች ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ ሱሪው ትንሽ ረዝሟል በምትልበት ድምፅ፣ አንተ መዶሻህን መልስ፣ ጀሪካናቸውን ማንም እንዳይነካ፣ እኔ እቀዳላቸዋለሁ። አናጺው ያጉረመርማል፣ እኔም እኮ ደክሞኛል፣ የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ። ሚስቱ፣ አንተ ምን ሠርተህ፣ የደከመኝስ እኔ። ጸጉር ሠሪዋም፣ ኧረ እኔስ፣ ቆሜ ውዬ ቆሜ የማመሸው። ግቢው በሙሉ ደክሞታል ለካ! ይኼን የሚያህል ወሬ እንዴት እኔን አለፈኝ?

ጫማዬን ላውልቅ። አንዱን። ሌላውን። አሁንማ በይፋ ተኝቻለሁ። ጀሪካኔ እየሞላች ነው፣ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ጸጉር ሠሪዋ ምን እያለች ነው፣ ብድግ ብዬ መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ... ነገ፣ ነገ አያታለሁ፣ የልብስ ሰፊዋንም ስም ነገ እቀይርላታለሁ፣ ትራስ ግን ምን ነውር አለው፣ እንዲህ የሚለሰልስ ነገር